«ነቅቷል ተባልን፤ ግን አላወቀንም»፦ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባድ አደጋ ደርሶባቸው አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ስለገቡ ሰዎች ከአድማጮች የተነሡትን ጥያቄዎች የጽኑ ሕክምና ሐኪም እንዲህ መልሰዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱና ደረቱ ተጎድቶ ነበር። የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣለት ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቀን ደህና ያወራናል። ሲመሽ ግን «ነርሶቹ መርዝ ሊወጉኝ ነው» ይላል፤ እኔንም አያውቀኝም። አእምሮው ተነክቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ወንድምሽ አላበደም። ይህ ዴሊሪየም የሚባል ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ይመስላል። አይሲዩ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። በመተንፈሻ ማሽን ከታገዙ ሕሙማን እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ላይ እንደታየ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ቀን ጋብ ብሎ ማታ መባሱም ጠባዩ ነው።

መንስኤው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። የማስተኛ መድኃኒት አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ የኦክስጅን ማነስ አለ፣ ሕመም አለ። ሽንት መያዝና የሆድ ድርቀት እንኳ ያመጡታል። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም። መብራቱ አይጠፋም፣ ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል።

የተጨነቀ አእምሮ ደግሞ የሚሰማውን ሁሉ ወደ ታሪክ ይቀይረዋል። የደም ግፊት መለኪያው ክንዱን ጨምቆ ሲይዘው «ሰው አነቀኝ» ይላል። አክታ በቱቦ ሲመጠጥለት የሰጠመ ይመስለዋል። መርዙም ምናልባት በየሰዓቱ የሚሰጠው መርፌ ነው።

አትከራከሪው። «አዎ፣ ሊገድሉህ ነው» ብለሽም አትስማሚለት። «እኔ እህትህ ነኝ፤ አደጋ ደርሶብህ ሆስፒታል ነህ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው» በይው። ሲረሳ ደግመሽ በይው። መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም ከሆነ ይምጣለት። ሰዓት የሚያይበት ቦታ ይሁን።

ጭንቅላቱ የተመታ ስለሆነ ግን ሁሉንም በዴሊሪየም ማሳበብ አይቻልም። ከበፊቱ የበለጠ ከደነዘዘ፣ ካስመለሰው ወይም አንዱ ጎኑ ከሰነፈ ወዲያው ለነርሷ ንገሪ። መጠጥ ያዘወትር ከነበረም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ተናገሪ። መጠጥ በድንገት ሲቆም ተመሳሳይ ነገር ያመጣል፣ ሕክምናው ግን ይለያል። ቤተሰብ ይህን ነገር በይሉኝታ ይደብቀዋል፤ ጉዳቱ ለታማሚው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የሚጮኸውን ሁሉም ያየዋል። ዝም ብሎ ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው ግን «ተረጋጋ» ተብሎ ይታለፋል። እሱም ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባታችን ዐይኑን ገልጧል፣ ግን አይናገርም፤ እንባው ይወርዳል። እጁንም አስረውታል። ለምን?

መልስ፦ የመተንፈሻ ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ ድምፅ ማውጣት አይችልም። ቢሰማችሁም መመለስ አይችልም። ስለዚህ አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ ጠይቁት፤ በአንዴ አንድ ብቻ። «ያምሃል? አዎ ከሆነ እጄን ጨብጥ።» የፊደል ገበታም ይረዳል። እጁ የሚታሰረው ቱቦውን እንዳይነቅለው ነው። አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ በየቀኑ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ጥያቄ፦ የማስተኛ መድኃኒቱ ከቆመ ሁለት ቀን ሆነ፣ ልጄ አልነቃም። ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ በሁለት ቀን አይወሰንም እናቴ። እንደ ሚዳዞላም ያሉ መድኃኒቶች ለቀናት ከተሰጡ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። ኩላሊት ወይም ጉበት ከደከመ ደግሞ ቶሎ አይወጡም። ሐኪሞቹ የሚነግሩሽ ቁጥር የግላስጎው የንቃት መለኪያ ነው፤ ዐይንን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ ከ3 እስከ 15 ይሰጣል። የዛሬውን ቁጥር ብቻ ይዘሽ አትሸበሪ፤ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ወዴት እየሄደ እንደሆነ ጠይቂ። የጭንቅላቱ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ ግን የሚነግርሽ የሚያክመው ሐኪም ነው፤ እኔ በስልክ አልገምትም።

ጥያቄ፦ ታማሚው እኔው ነኝ። ቤቴ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አደጋውን አላስታውስም፤ ያልሆነ ነገር ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ፀጉሬ ይረግፋል፣ ደረጃ ያቅተኛል።

መልስ፦ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። የአደጋው ትዝታ ላይመለስ ይችላል፤ አእምሮህ በዚያ ሰዓት አልመዘገበውም። አታስጨንቀው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ነርሶችና ቤተሰብ የአይሲዩ ማስታወሻ ይጽፋሉ፦ «ዛሬ ቱቦው ወጣ፣ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀመጠ» እያሉ። ያንተ ከሌለ ቤተሰቦችህ ከስልክ መልእክቶቻቸው ቀኑን ይሰብስቡልህ። ያየኸው የቱ እውነት፣ የቱ ቅዠት እንደሆነ መለየት ይቀልሃል። ቅዠቱ እንቅልፍ ከነሣህ ወይም መኪና ውስጥ መግባት ካስፈራህ የሥነ ልቦና ባለሙያ እይ፤ ከአይሲዩ ከሚወጡት ከአምስት አንዱ ገደማ ይህ ይገጥመዋል።

ፀጉሩ ከከባድ ሕመም ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ መርገፉ የታወቀ ነው፤ ይበቅላል። ጡንቻው ጊዜ ይወስዳል። በከባድ ሕሙማን ላይ በተደረገ አንድ ልኬት የጭን ጡንቻ በ10 ቀን 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘህን በየቀኑ ሥራ፤ በአንድ ቀን ዘምተህ ሦስት ቀን አትተኛ። ስትተነፍስ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ከጀመረህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ቱቦው የነበረበት የአየር ቧንቧ ሊጠብ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ።