53 ወር የታቀፈች እናት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ አንዲት ኦክቶፐስ ነው። ያቺ ስምንት እጅ ያላት፣ አጥንት የሌላት የባሕር እንስሳ። ታሪኳን ካነበብኩ ቆይቻለሁ፣ ግን ከልቤ አልወጣ ብላኛለች።

ቦታው ካሊፎርኒያ ነው፣ ሞንተሬይ የባሕር ወሽመጥ። እዚያ ከውሃው በታች ትልቅ ሸለቆ አለ። ሞስ ላንዲንግ ከምትባል ትንሽ የወደብ መንደር አፍንጫ ሥር ይጀምርና ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ብዙ ቦታ ጥልቅ ባሕር ለመድረስ መርከብ ለቀናት መጓዝ አለበት። እዚህ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። ዴቪድ ፓካርድ በ1987 የመሠረተው ኤምባሪ የተባለ የባሕር ምርምር ተቋም መቀመጫው እዚሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምነግራችሁ በፈረንጆቹ ነው።

የኤምባሪ ሰዎች ወደታች የሚልኩት ሰርጓጅ ሮቦት ነው። ውስጡ ሰው የለም። ካሜራ አለው፣ ኃይለኛ መብራት አለው፣ የብረት ክንድ አለው። ከመርከቡ ጋር የሚያገናኘው ረጅም ገመድ ነው፤ በገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወርዳል፣ ምስል ደግሞ በፋይበር ኦፕቲክ ይወጣል። ገመድ የግድ ነው፣ የሬዲዮ ሞገድ ባሕር ውስጥ ሩቅ አይሄድማ። አብራሪው መርከቡ ላይ ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ይነዳዋል። በየ10 ሜትሩ የውሃው ጫና እኛ የምንኖርበትን የአየር ጫና ያህል ይጨምራል። 1,400 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚሆን እናንተው አስሉት።

ሰው ከዚያ በፊት ጥልቁን የሚያውቀው በመረብ ነበር። መረብ ደግሞ ጨካኝ ነው። እዚያ ታች ያሉ ብዙ እንስሳት ገላቸው ለስላሳ ነው፤ እላይ እስኪደርሱ ተቀዳደው ያልቃሉ። ማክሮፒና የምትባል አንዲት ዓሣ አለች። ሳይንስ የሚያውቃት ከ1939 ጀምሮ ነው። ግን ጭንቅላቷ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ዓይኖቿም በውስጡ የሚዞሩ መሆናቸው የታወቀው የኤምባሪ ሮቦት በሕይወት ካገኛት በኋላ ነው። ያ የሚያሳየው ሽፋን መረብ ውስጥ እየጠፋ ለሰባ ዓመት ገደማ ማንም ልብ አላለውም። ይገርመኛል። እንስሳዋን በእጃቸው ይዘው፣ መልኳን አላወቁም።

ወደ ኦክቶፐሷ ልመለስ። በ2007 በሚያዝያ ወር ብሩስ ሮቢሰን የሚመራው የኤምባሪ ቡድን በዚያ ሸለቆ 1,400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አንድ ቋጥኝ ያያል። ወደ ቋጥኙ የምትሄድ አንዲት ኦክቶፐስም ያያል። ከ38 ቀን በኋላ ሲመለሱ ቋጥኙ ላይ ተለጥፋ፣ እንቁላል ታቅፋ አገኟት። ያችው መሆኗን ያወቁት በገላዋ ላይ ባሉት ጠባሳዎች ነው።

ከዚያ ተመላለሱ። ቅርብ ነው አላልኳችሁም? ለዚህ ነው። በጠቅላላው 18 ጊዜ ወርደው አይተዋታል። ሁልጊዜ እዚያው ናት። ሁልጊዜ እንቁላሎቹ ላይ ናት። 160 ገደማ እንቁላል ነበራት። ደለል እንዳይሸፍናቸው ትጠብቃለች፣ ኦክስጅን ያለው ንጹሕ ውሃ እንዲደርሳቸው ታደርጋለች። ሸርጣንና ሽሪምፕ ሲጠጉ ትገፋቸዋለች። እነዚህ እኮ ምግቧ ናቸው። አትበላቸውም፣ ዘወር በሉ ነው የምትላቸው። ሰዎቹ በሮቦቱ ክንድ ቁራጭ የሸርጣን ሥጋ ሰጧት። አልነካችውም።

እዚህ ጋ ነው አንጀቴን የበላችው። እኛ አገር ሴት ስትወልድ ገንፎው ይገነፋል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፤ አራስ ብቻዋን አትተውም። ይህቺ ግን ውሃው 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ናት። አንድም ጊዜ ስትበላ አልታየችም። ባዩዋት ቁጥር ትከሳለች። ቆዳዋ ይነጣል፣ ይላላል። ዓይኖቿ ይደፈርሳሉ። እንቁላሎቹ ግን እያደጉ ነው፤ ውስጣቸው ያሉት ልጆች በካሜራው ይታዩ ነበር።

በ2011 መስከረም ላይ ሲወርዱ አሁንም አለች። ጥቅምት ላይ ሲመለሱ የለችም። ቋጥኙ ላይ የቀረው የእንቁላሎቹ ባዶ ቅርፊት ነው። ልጆቹ ተፈልፍለው ሄደዋል። የዚህ ዝርያ እናት አንዴ ነው የምትወልደው፣ ከዚያ ትሞታለች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲቆጠር 53 ወር። አራት ዓመት ከአምስት ወር! በ2014 ጥናቱ ሲታተም ከዚህ የረዘመ የመታቀፍ ጊዜ በየትኛውም እንስሳ አልታወቀም ነበር።

ለምን ይህን ያህል? ብርዱ አንዱ ምክንያት ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ እንቁላል ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ሌላው ልጆቹ ሲወጡ በደንብ የዳበሩ፣ ራሳቸውን የቻሉ ትንንሽ ኦክቶፐሶች መሆናቸው ነው። ጥልቅ ባሕር ለደካማ ልጅ አይሆንም።

ታሪኩን ስታነቡ ምናልባት እናትየዋ ላይ ብቻ ትቀራላችሁ፤ ልክም ናችሁ። እኔን ግን ሰዎቹም ይማርኩኛል። ሮቦቱ ናሙና የሚስብበት ቱቦ አለው፣ የሚጨብጥ ክንድ አለው። ሊያነሷት ይችሉ ነበር። ቢያነሷት ኖሮ ዛሬ በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ያለች አንዲት ኦክቶፐስ ትኖራቸው ነበር፣ 53 ወር ግን አይኖራቸውም። አላነሷትም። እየሄዱ እየተመለሱ ብቻ አዩዋት። እኔ ይህ ትልቅ ሥራ ነው እላለሁ። እንስሳን ለማወቅ መያዝ አለብን ብለን ለኖርን ሰዎች፣ መተውም ዕውቀት ያመጣል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። በ2025 የወጣ አንድ ጥናት እስከ ዛሬ የተደረጉትን ጥልቅ የባሕር ጠለቃዎች መዝገብ ሰብስቦ ነበር። ሰው በዓይኑም በካሜራም ያየው የጥልቅ ባሕር ወለል ከ0.001 በመቶ በታች ነው ይላል። ከተመዘገቡት ጠለቃዎች ደግሞ 97 በመቶው የአምስት አገሮች ናቸው፦ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኒውዚላንድ፣ የፈረንሳይና የጀርመን። አፍሪካን ሁለት ውቅያኖስ ከቧታል፣ ግን ከአፍሪካ ከዝርዝሩ ውስጥ የገባ አገር የለም። እኛ ኢትዮጵያውያን ወደብ የለንም፣ እሺ። ባሕሩን ማየት ግን ወደብ አይጠይቅም።

እውነቴን ነው። ሽሚት የተባለው የውቅያኖስ ተቋም ሱባስቲያን የሚባለውን ሮቦቱን ሲያወርድ በዩቲዩብ በቀጥታ ያስተላልፋል፣ በነጻ። እኔ ማታ ማታ እሱን ነው የማየው። በ2025 መጋቢት ላይ ይኸው ሮቦት በደቡብ አትላንቲክ 600 ሜትር ጥልቀት ላይ ኮሎሳል ስኩዊድ የሚባለውን ግዙፍ የኦክቶፐስ ዘመድ በገዛ ቤቱ ቀረጸው፤ ከዚያ በፊት እዚያው በሚኖርበት ጥልቀት በካሜራ ተይዞ አያውቅም ነበር። 30 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ገና ሕፃን።

ከፍታችሁ ስታዩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስክሪኑን ሞልቶ የሚወርደው ነጭ ብናኝ የካሜራ ችግር አይደለም። ከላይ የሞቱ የባሕር ፍጥረታት ፍርፋሪና ጥራጊ ነው፤ ታች ያሉት ብዙዎቹ የሚኖሩት እሱን እየለቀሙ ነው። ደግሞ መሬቱ ላይ ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ታያላችሁ። የሌዘር መለኪያ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ነው። ያያችሁት እንስሳ ስንት እንደሚያህል በእነሱ ለኩና ጻፉልኝ። በሉ፣ ሰላም እደሩ።