የነሐሴው ውሃ በሚያዝያ የት ይገባል?

[ምስል፦ ከአዘዞ ወደ ደምቢያ የሚወስደው መንገድ። ውሃ የተኛበት ጥቁር ማሳ።]

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ፣ የአያቶቼ መሬት ላይ ነው። ይሄ ከኋላዬ የምታዩት ኩሬ አይደለም። የስንዴ ማሳ ነው። ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፣ ሥሩ በውሃ ታፍኗል። ጊዜው ነሐሴ ነው። እዚሁ ቦታ ሚያዝያ ላይ ብትመጡ ደግሞ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ቤተሰቡ አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል።

ለዓመታት ሁለት ችግር አለብን እያልን ነው የኖርነው። ክረምት ላይ ውሃ ይበዛብናል፣ በጋ ላይ ውሃ የለንም። የኋላ ኋላ ነው የገባኝ። ውሃው አንድ ነው። ድሮ መሄጃ ነበረው፣ እኛ መሄጃውን ዘጋንበት።

[ምስል፦ እጅ ውስጥ የተያዘ እርጥብ ጥቁር አፈር]

መጀመሪያ አፈሩን እንይ። ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ መግቢያ ስለሌለው ላይ ላዩን ይተኛል። ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በእኛ አገር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይብሳሉ። ጤፍ ትንሽ ይችለዋል። ስንዴና ባቄላ አይችሉም። ለዚህ ነው ብዙ የደምቢያ ገበሬ ዋልካውን ክረምቱ እስኪወጣ ጠብቆ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት፤ እነሱ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋሉ።

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። ፈሰስ። ከዘሩ በኋላ በማረሻ ማሳው ላይ አግድም ሰያፍ ትልም ማውጣት ነው፣ ውሃው በዚያ ይወጣል። ይሄን ሁሉም ገበሬ ያውቀዋል። እኔ የማላውቀው ከፈሰሱ በላይ ያለውን ነበር፣ ማለትም ተዳፋቱ ሥር የነበረውን በድንጋይ የተካበ ትልቅ ቦይ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ማሳው ላይ ሳይደርስ የሚቀልበው እሱ ነበር። ደለል ሞላው፣ ሣር በቀለበት፣ ከዚያ ታረሰ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ማሳ ነበር።

ያሳየኝ አጎቴ ነው። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ልጅ ሆነን እግራችንን እንታጠብ ነበር» ብሎ በዱላው የሆነ ቦታ ነካ አደረገ። እኔ የማየው ማሳ ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት አገኘነው? ጥቅምት ላይ ሣሩ ሁሉ ሲነጣ አንድ ቀጭን መስመር አረንጓዴ ሆኖ ቀረ፣ መጀመሪያ እሱን ተከተልን። ከዚያ በየሦስት እርምጃው ድጅኖ መውጋት ነው። ድጅኖው በጣም ለስላሳ አፈር ውስጥ ዘልቆ ከታች ድንጋይ ሲመታ ድምፁ ይለያል። አንድ ሁለቴ ከሰማችሁት አትስቱትም።

[ምስል፦ ሰዎች በዶማና በአካፋ ቦዩን ሲከፍቱ፣ ከታችኛው ጫፍ]

ቁፋሮ ስትጀምሩ ከታች ጀምሩ። መውጫው መጀመሪያ ይከፈት። ከላይ ከጀመራችሁ አንድ ዝናብ ሲመጣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ያወጣችሁትን ደለል መልሶ ይደፍንባችኋል።

ቁልቁለቱ ደግሞ ልክ ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ቶሎ ይውረድልኝ» ብሎ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ያወጣዋል። በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። የአፈር ቦይ በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃዋል። መሣሪያ የለኝም አትበሉ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እንጨት ላይ እሰሩ። ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱን ከእንጨቱ ላይ በሜትር መለካት ነው። ግንበኞች የሚሠሩበት እሱው ነው። የቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ በቦይ እየመጣ የፋሲለደስን መዋኛ ለጥምቀት ሲሞላው በየዓመቱ እናያለን፤ ቁልቁለትን መለካት ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። መውጫው የት ይደርሳል? እኛ መጀመሪያ ያሰብነው መስመር ውሃውን ጎረቤታችን ማሳ ላይ ነበር የሚጥለው። በአካባቢያችን ስንት ሰው የተጣላው በዚህ ነው! ቁፋሮው ሳይጀመር ጎረቤቶችን ጠርተን፣ ሁለት ሽማግሌ አስቀምጠን፣ መስመሩን አብረን ሄድንበት። በመጨረሻ ሣር ወዳለበት የጋራ መውረጃ አወጣነው፤ ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ ድንጋይ አነጠፍንበት። አንድ ቀን ፈጀ። ያ ቀን ለእኔ ከቁፋሮው ሁሉ የከበደውም የጠቀመውም ነው።

ማሳው ውስጥ ደግሞ ሰፊ መደብ ሞከርን፤ የግብርና ባለሙያዎች ቢቢኤም የሚሉት በበሬ የሚጎተት መሣሪያ አለ። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ሰብሉ መደቡ ላይ ይቆማል፣ ውሃው በመሐል ይሄዳል።

[ምስል፦ የተከፈተው ቦይ በታኅሣሥ። ከካቡ ሥር ቀጭን ውሃ ይወርዳል።]

አሁን ወደ መጠጥ ውሃው። ከሁለት ዓመት በፊት ጉድጓድ አስቆፍረን ነበር። መስከረም ላይ። በ4 ሜትር ውሃ አገኘን፣ እልል ተባለ፣ የካቲት ላይ ደረቀ። ገንዘቡም ድካሙም ቀረ። መስከረም ላይ ብዙ ቦታ ብትቆፍሩ ውሃ አለ፤ የሚቆፈረው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው፣ ውሃው ከሁሉ ዝቅ ባለበት ጊዜ። ያኔ ውሃ አግኝታችሁ ከዚያም 2 ወይም 3 ሜትር ከዘለቃችሁ ዓመቱን ሙሉ የመቆየት ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ቦዩን ስንከፍት ግን ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ፣ ዝናብ የለም፣ አንድ ቦታ ላይ ከካቡ ሥር ውሃ መምጣቱን አላቆመም። አጎቴ እግራችንን እንታጠብ ነበር ያለው ቦታ ነው። ለካ ቦዩ ጎርፍ ብቻ አልነበረም የሚወስደው። ምንጭ ነበረ። ደለሉ ዓይኑን ደፍኖት ውሃው በአፈር ውስጥ ለውስጥ ማሳውን ሲያረጥበው ኖሯል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የእኛ ተራሮች እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ናቸው። ድንጋዩ በተሰነጠቀበት ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ ወይም ድፍን ድንጋይ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ሄዶ ተዳፋቱ በሚሰበርበት ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ምንጭ ስትፈልጉ ተራራው ከሜዳው ጋር የሚገናኝበትን ሂዱበት። በበጋ የማይጠወልግ ሾላ፣ ፊላ፣ እንግጫ ካያችሁ እዚያ ቁሙ።

[ምስል፦ ጀሪካን፣ ስልክ ላይ የሚቆጥር ሰዓት]

መለካት ቀላል ነው። ጀሪካንና ስልክ ይበቃል። ጥር ላይ 20 ሊትሩ በ4 ደቂቃ ሞላ፣ በደቂቃ 5 ሊትር ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ 10 ደቂቃ ፈጀ፣ በደቂቃ 2 ሊትር። እቅዳችሁን በሚያዝያው ቁጥር አውጡ። 2 ሊትር ትንሽ ይመስላል፤ በቀን ግን 2,880 ሊትር ነው። አገራችን ለገጠር ያስቀመጠችው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው፣ ስለዚህ ከ110 ሰው በላይ ያጠጣል። ሌሊት የሚፈሰውን የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን ግማሹ ባክኖ ያድራል።

ምንጩን ከመንካታችሁ በፊት ጸበል እንዳልሆነ የአካባቢውን ካህንና አረጋውያን ጠይቁ። ከዚያ ዓይኑን በጥንቃቄ ክፈቱት። ከኋላ ጠጠር፣ ከፊት ግንብ፣ ከላይ በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ። ግንቡን ከፍ አድርጋችሁ ውሃውን አፍኑት የሚል ምክር ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ዓይኑ ላይ ውሃ ከተጫነው ሌላ መውጫ ፈልጎ ሊጠፋባችሁ ይችላል። የትርፍ ውሃ መውጫው ምንጩ መጀመሪያ ይወጣበት ከነበረው ከፍታ በላይ አይሁን። ከምንጩ በላይ ጎርፍ የሚቀለብበት ቦይ፣ ዙሪያውን አጥር። ባሕር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ። የተተከለ ካለም ባለቤቱን አነጋግሩ፤ ውሃ ይጠጣል። ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ደግሞም ከውሃው በታች ይሁን። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይመረመር ለልጅ አትስጡ፤ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።

ምንጭ ያላገኘ ሰው ጉድጓድ መቆፈሩ አይቀርም። እንግዲያው እለምናችኋለሁ፣ የቤንዚን ሞተር ይዛችሁ ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፣ አየሩን ለመፈተን ያወረዳችሁት ሻማ ሳይጠፋ ሰው ይገድላል። ታች ያለ ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ ደግሞ ዘላችሁ አትውረዱ፤ ለማዳን የገባው ተከትሎ የሚሞተው በዚህ ነው። የሚቆፍር ሰው ወገቡ ላይ ሁልጊዜ ገመድ ይኑረው፣ ከላይም የሚስቡት ሰዎች ይኑሩ።

ቆርቆሮ ቤት ላለው ሌላም አለ። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣራ፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ የሚባክነውን ቀንሰን ወደ 32,000 ሊትር። የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሱት፤ አቧራና የወፍ ኩስ ነው።

[ምስል፦ ግንቦት። አጎቴ ቦዩ ዳር ቁጭ ብሏል፣ ውሃው ከቧንቧው ጀሪካን ውስጥ ይወርዳል።]

ከነሐሴው ቀረጻ ወዲህ ጊዜ አልፏል፤ ዛሬ ግንቦት 20 ነው። ጀሪካኑ በ11 ደቂቃ ሞልቷል። የአምናው ክረምት ያመጣው ደለል ቦዩ ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ሰኔ ሳይገባ መውጣት አለበት፣ ጎረቤቶችም ነገ ጠዋት ይመጣሉ። አጎቴ «ከታች ጀምሩ» እያለ ነው።