ውሃው እያሳሳቀ ሲወስድ ሕጉ የት ነው?

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፣

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ዛሬ ይህን አባባል ደጋግሞ ስላስታወሰኝ አንድ መዝገብ ልነግራችሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ባለጉዳዩ የኪሪባቲ ሰው ነው። ኪሪባቲ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ የኮራል ደሴቶች አገር ናት፤ አብዛኛው መሬቷ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ከሁለትና ከሦስት ሜትር አይበልጥም። ሰውየው በ2007 ከሚስቱ ጋር ወደ ኒውዚላንድ ሄደ፤ እዚያም ልጆች ወለዱ። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲያበቃ፣ ባሕሩ አገሬን እየወሰደው ነውና አትመልሱኝ ብሎ ጥገኝነት ጠየቀ። እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፣ ተረታ፣ በ2015 ወደ ኪሪባቲ እንዲመለስ ተደረገ።

እስቲ ስለ ውሃው ትንሽ ላብራራ፤ ሕጉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። በእንዲህ ያለ ደሴት ወንዝ የለም። ዝናቡ በአሸዋውና በኮራሉ ውስጥ ሰርጎ ይወርድና ከሥር ባለው ጨዋማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጨዋማው ይከብዳልና። ሰው ከጉድጓድ ቀድቶ የሚጠጣው ይህን ስስ ንጣፍ ነው። ባባይ የሚባለውን ሥራሥር የሚተክሉትም እስከዚህ ውሃ ድረስ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ ባሕሩ ከፍ ሲል ጨው ከታች ይገባል፤ ማዕበል ሲበረታ ደግሞ ከላይ ይፈስሳል። ቤቱ እንደቆመ ነው፣ የኮኮናት ዛፉም እንደቆመ ነው። የባባዩ ቅጠል ግን ይጠወልጋል፣ የጉድጓዱ ውሃ አፍ ላይ አይገባም። ፎቶ አንሺ ቢመጣ የሚያነሳው ጎርፍ አያገኝም።

ታዲያ ሕጉ ምን አለ? የ1951 የስደተኞች ኮንቬንሽን ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ እሳደዳለሁ ብሎ በቂ ምክንያት ያለው ስጋት ያደረበትን ሰው ነው። ባሕር ዘርና ሃይማኖት ለይቶ አያሳድድም። ዳኞቹም ያሉት ይህንኑ ነው፤ የሚያስፈራህ ነገር ጎረቤቶችህን ሁሉ የሚያስፈራ ነው አሉት። በኮንቬንሽኑ ፊደል ከሄድን ተሳስተዋል ለማለት ይቸግረኛል። ለዚህ ነው "የአየር ንብረት ስደተኛ" የሚለውን ስያሜ ደፍሬ የማልጠቀምበት። ስያሜው በሕግ ቦታ የለውም፤ ቦታ እንዳለው አድርጎ ማውራት ደግሞ የተቸገረን ሰው በሌለ መብት ማጽናናት ነው። የኪሪባቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኖቴ ቶንግም ሕዝባቸው ሲሄድ በክብር፣ ሙያ ይዞ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንዲሄድ ነበር የሚሟገቱት።

ሰውየው በዚህ አላበቃም። በሕይወት የመኖር መብቴ ተጥሷል ብሎ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ አቤት አለ። ኮሚቴው በ2019 ውሳኔ ሰጠ፤ አሁንም ተረታ። ደሴቱ ለኑሮ የማይመች እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ዓመት አለ፣ እስከዚያ መንግሥቱ መፍትሔ ሊያበጅ ይችላል ተባለ። ሁለት የኮሚቴው አባላት በሐሳብ ተለዩ። አንደኛው፣ እየሰጠመ ያለን ሰው ሌሎችም ተሳፍረውበታል ብሎ ወደሚሰጥመው መርከብ እንደመመለስ ነው አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ነገር ግን ያው ውሳኔ በውስጡ አንድ በር ከፍቷል። አገር ሙሉ በሙሉ በውሃ መዋጥ እጅግ የከፋ አደጋ ስለሆነ፣ አደጋው ከመድረሱ በፊትም ኑሮው በክብር ከመኖር መብት ጋር ላይጣጣም ይችላል ይላል። ተማሪዎች ሆይ፣ "ከመድረሱ በፊትም" የምትለዋን አስምሩባት። ሰውን አደጋ ወደሚጠብቀው አገር አስገድዶ ያለመመለስ ግዴታ ባሕሩ ጣራ ላይ እስኪወጣ መጠበቅ የለበትም የሚለው ክርክራችን የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ጠንክሯል። በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት የሕግ ተማሪዎች መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያለባቸው ግዴታ ጉዳይ ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ይሂድልን ብለው ተነሱ። የፓስፊኳ ደሴት አገር ቫኑዋቱ ሐሳቡን ይዛ ዞረች፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በመጋቢት 2023 ጥያቄውን ለፍርድ ቤቱ አቀረበ፣ ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሙሉ ድምፅ የምክር አስተያየቱን ሰጠ። እናንተም በዚያው ዕድሜ ላይ ናችሁ። አስተያየቱ እንደ ፍርድ አስገዳጅ አይደለም፤ የሚተረጉማቸው ግዴታዎች ግን አስገዳጅ ናቸው። ፍርድ ቤቱ አስገድዶ ያለመመለስን ግዴታ ከአየር ንብረት አደጋ ጋር አያይዞታል። ባሕሩ ዳርቻን ቢበላም በሕጉ መሠረት አስቀድሞ የተመዘገበውን የባሕር ክልል መስመር እንደገና የማስላት ግዴታ የለም ብሏል፤ ይህ 200 የባሕር ማይል የዓሣ ሀብት ላላት ትንሽ አገር የህልውና ጉዳይ ነው። አንድ አገር አንዴ ከተመሠረተ በኋላም፣ ከመሥራች አላባውያኑ፣ ማለትም እንደ መሬትና ሕዝብ ካሉት አገር የሚያሰኙ ነገሮች፣ አንዱ መጥፋቱ አገርነቱን የግድ አያሳጣውም ብሏል።

መንግሥታት ግን በምን ዋጋ በር እንደሚከፍቱ እንይ። አውስትራሊያና ቱቫሉ በ2023 የተፈራረሙት የፋሌፒሊ ስምምነት 11 ሺህ ያህል ሕዝብ ካላት የፓስፊክ ደሴት አገር ከቱቫሉ በዓመት 280 ሰው ወደ አውስትራሊያ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚሄደው ሰው ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ልጁን አስተምሮ ይኖራል። ሆኖም ቱቫሉ ከሌላ አገር ጋር የጸጥታ ስምምነት ለማድረግ አውስትራሊያን ማስማማት ይኖርባታል። የሰው ልጅ ከጨው ውሃ የመሸሽ ዕድሉ የመከላከያ ድርድር መያዣ መሆኑን መቀበል አልችልም።

ድንበር ሳይሻገሩ በገዛ አገራቸው የሚፈናቀሉትም ብዙ ናቸው። የአፍሪካ ኅብረት የ2009 የካምፓላ ኮንቬንሽን በአየር ንብረት ለውጥ የሚፈናቀሉትን በስም ጠርቶ መንግሥታትን ግዴታ ውስጥ ማስገባቱ ሌላው ዓለም ሊከተለው የሚገባ ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ የጥገኝነት ጉዳይ መርማሪ የሚሆኑ አሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ፣ ቤትህ ሰጥሟል ወይ ከማለታችሁ በፊት ስለ ጉድጓዱ ጠይቁ። ውሃው ስንት ጊዜ ጨው ሆነ? ልጆቹ ምን ይጠጣሉ? ባባዩ መጨረሻ የተቆፈረው መቼ ነው? መልሱን በመዝገቡ ላይ አስፍሩ፣ ማስረጃ ብላችሁም ተቀበሉት።

አመሰግናለሁ።