ጣሪያ የሌለው ግንብ

እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ሌላ ነገር ነበር፤ የሚጢ ነገር ግን አላስተኛኝ አለ። ሚጢ ያው የእህቴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክት ለምን አይተኙም ብላ ያፋጠጠችኝ።

ፋሲል ግቢ፣ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ውስጥ ቆመናል። ቀና አለች። ሰማይ ነው። «ማነው ያፈረሰው?» አስጎብኚው ቀልጠፍ ብሎ «ጦርነት ነው የኔ ልጅ» አላትና ወደ ዳዊት አዳራሽ መንገድ ጀመረ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። እጄን ጎተት አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጦርነት ሰው ነው እንዴ?»

ይኼው ነው። «ሰው ነው እንዴ?»

መልስ ነበረኝ እኮ። መሬት መንቀጥቀጥ ቀድሞ ጎድቶታል። ጣሊያን ግቢውን ሰፈረበት፣ እንግሊዝ ጣሊያንን ብሎ በቦንብ ደበደበው። በኅዳር 1934 የመጨረሻው የጣሊያን ጦር እዚሁ ጎንደር እጁን ሰጠ። ነፃ ወጣን፣ ጣሪያው ግን ሄደ። ይኼን ለልጅ መንገር ይቻላል። ባዕድ ነው ያፈረሰው ትላለህ፣ ታርፋለህ።

ደግሞ ሳስበው... ድርቡሽ በ1880 አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ እሱም ባዕድ ነው፣ እሺ። ከዚያ በፊትስ? በ1859 ጎንደርን የዘረፈውና ያቃጠለው መይሳው ካሳ ነው! የቋራው! ሥዕሉ ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው። እወደዋለሁ። አሁንም እወደዋለሁ። ግን ለሚጢ ምን ብዬ ልጀምርላት?

አስጎብኚውንም አልፈርድበትም። ምናልባት «ጦርነት» ማለት ይሻላል። አይ፣ አይሻልም። አላውቅም።

ግድግዳውን ዳሰስኩት። ድንጋዩ ጥቁር፣ መሐሉ ኖራ። ሲነኩት ጣት ላይ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ጣሊያን በሲሚንቶ የጠገነውን በኋላ ፍቀው በኖራ መልሰውታል፤ ይኼን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ በጣም። ከተሠራ ጀምሮ ስንቱ እጅ ነክቶታል።

ፋሲል መዋኛ ያሉትን ዛፎች ልብ ብላችኋል? ሥሩ አጥሩን ጠፍሮ ይዞታል። ብትቆርጠው አጥሩ ይናዳል፣ ብትተወው እየፈለቀቀው ነው። እኔ ብሆን... ጥምቀት ሲደርስ ያ ሁሉ ሕዝብ እሥሩ ላይ ይወጣል፣ ያምራል ደግሞ።

ሚጢ እሑድ ትመጣለች። ከመይሳው ልጀምር ወይስ ከእንግሊዙ? እናቷ «ሰባት ዓመቷ ነው፣ ተዋት» ትላለች። እኔ ግን አሁን ካልነገርኳት ያው አስጎብኚው እንዳለው ይዛው ታድጋለች፣ ከዚያ ደግሞ...