ሆፑን መቼ ጨመርከው?

ሰናይት፦ እሺ፣ ያ ከዴንቨር በሻንጣ የላክሁልህ ሆፕ፣ ቢራ የሚያመርረው አበባ፣ ምን ሆነ?

ዳዊት፦ ጉምሩክ ላይ የዶሮ መኖ መስሏቸው ነበር። (ሳቅ) ለማንኛውም ቢራውን ጠመቅኩት። ግን እህቴ አንዴ ቀመሰችና «ይሄማ ብርዝ ነው» አለችኝ።

ሰናይት፦ ሳይመር ቀረ ማለት ነው። መቼ ጨመርከው?

ዳዊት፦ እሳቱን ላጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረኝ። መዓዛው እንዳይሄድ ብዬ። 30 ግራም፣ ለ20 ሊትር። አነሰ እንዴ?

ሰናይት፦ መጠኑ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ሆፕ ውስጥ አልፋ አሲድ የሚባል ነገር አለ። እሱ እንዳለ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሲፈላ ግን ቅርጹ ተለውጦ አይሶ አልፋ አሲድ ይሆናል። ቢራ ላይ የምንቀምሰው ምሬት በዋናነት እሱ ነው። ለውጡ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳዊት፦ ስንት?

ሰናይት፦ ያንተን ሆፕ እንውሰድ፣ ዓይነቱ ካስኬድ የሚባለው ነው። አልፋው 6 ፐርሰንት ነው እንበል። የቤት ጠማቂዎች በሚወዱት በቲንሴት ቀመር 60 ደቂቃ ከፈላ 21 አይቢዩ ገደማ ይሰጥሃል። አይቢዩ የምሬት መለኪያ ነው። 15 ደቂቃ ከሆነ 10። አምስት ደቂቃ፣ 4።

ዳዊት፦ አራት! ብርዝ ብትለው አይፈረድባትም። 90 ደቂቃ ባፈላውስ?

ሰናይት፦ 22። ለአንድ ነጥብ ግማሽ ሰዓት ጋዝ ማቃጠል ነው፣ ተወው።

ዳዊት፦ እናቴ እኮ የጠላውን ጌሾ ሳታፈላ ነው ውሃ ላይ የምትጥለው። ቀን ሰጥታው ይመራል።

ሰናይት፦ የጌሾ መራራ ሌላ ነው፣ አልፋ አሲድ አይደለም። ጌሾ የለመደ እጅ ሆፕ ላይ የሚሸወደው ለዚህ ነው። ቆይ ግን... አዲስ አበባ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚፈላው?

ዳዊት፦ 92 ገደማ። ከፍታ ነዋ።

ሰናይት፦ እንግዲያው ያልኩትን አንስቻለሁ። 92 ላይ ያ ለውጥ የሚሄደው 100 ላይ ከሚሄደው በግማሽ ፍጥነት ገደማ ነው። ያንተ 60 ደቂቃ እንደ 30 ደቂቃ ቁጠረው። 21 ያልኩህ ወደ 16 ይወርዳል። 90 ብታፈላው 19 ትደርሳለህ።

ዳዊት፦ ስለዚህ ጋዙ ይቃጠል!

ሰናይት፦ ይቃጠል። እኔም ዴንቨር ሆኜ ትንሽ ጨምሬ ነው የማፈላው፣ እዚህም 95 ላይ ነው።

ዳዊት፦ መዓዛውስ? የካስኬድ ወግ እኮ ያ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስለው ሽታው ነው።

ሰናይት፦ እሱ ዘይት ነው፣ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ክፈለው። 20 ግራሙን ገና መፍላት ሲጀምር፣ 10ሩን እሳቱን ስታጠፋ። ከዚያ ቶሎ አቀዝቅዘው። ድስቱ ትኩስ እንዳለ ከቆየ ያም ቀስ እያለ መምረሩ አይቀርም።

ዳዊት፦ ጥሩ። ግን ሆፑ አልቋል።

ሰናይት፦ (ሳቅ) ገባኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ ልፈልግ።