እጅህ ይበላሻል ለምትሉ

ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

የተጋበዝኩት ምክር እንድሰጥ ነው። እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ። እኛ የቫዮሊን አስተማሪዎች አንዲት ማስፈራሪያ አለችን፦ «ጃዝና ፖፕ ከነካካህ እጅህ ይበላሻል።»

ናይጄል ኬኔዲን ታውቁታላችሁ። እንግሊዛዊው ቫዮሊኒስት። ልጅ ሳለ ታላቁ ቫዮሊኒስት ይሁዲ መኑሂን ባቋቋመው ትምህርት ቤት ተማረ፣ ቀጥሎ ኒውዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ። በ16 ዓመቱ የጃዝ ቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ካርኔጊ ሆል፣ ታዋቂው የኒውዮርክ የሙዚቃ አዳራሽ፣ አብሮት እንዲጫወት ጋበዘው። ግራፔሊ ማለት እ.ኤ.አ. በ1934 ፓሪስ ላይ ከጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት ጋር ሆት ክለብ ኩዊንቴት የተባለውን የጃዝ ቡድን ያቋቋመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠራህ ትሮጣለህ እንጂ ታመነታለህ? የጁሊያርድ አስተማሪዎቹ ግን ለክላሲካል ሥራህ አይበጅህም አሉት። ያቺው የእኛ ማስፈራሪያ! ልጁ አልሰማቸውም። ወጥቶ ተጫወተ። እሰይ!

ታዲያ ተበላሸ? የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የኤልጋርን የቫዮሊን ኮንሰርቶ ቀረጸ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ግራሞፎን የተባለው የክላሲካል ሙዚቃ መጽሔት የዓመቱ ምርጥ ቅጂ ብሎ ሸለመው። እ.ኤ.አ. በ1989 የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» አወጣ፤ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ተቺዎቹ ያን ጊዜ ምን አሉ? ፀጉሩ ቆሟል፣ አለባበሱ አያምርም። ቫዮሊን በፀጉር ነው እንዴ የሚሰማው? (ማጨብጨብ ይቻላል፤ ዳይሬክተራችን አይቆጡም።)

መኑሂንስ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከግራፔሊ ጋር አልበም በአልበም ላይ ሲያወጣ፣ እስቲ ማን ደፍሮ እጅህ ይበላሻል አለው? ደግሞ ልብ በሉ፤ የመኑሂን ሶሎ በኖታ ተጽፎ ይቀርብለት ነበር። ግራፔሊ ግን እዚያው እየፈጠረ ይጫወት ነበር። «ቀላል» እያልን የምንንቀው ሙዚቃ ለታላቁ መኑሂን ቀላል አልነበረም! ለማያውቁት ነገር ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ይገርሙኛል። እዚህም አዳራሽ ውስጥ አሉ። ይቅርታ፣ ግን አሉ።

ምክሩ አጭር ነው። ተመራቂዎች፣ ስኬል፣ ማለትም ኖታዎቹን በተርታ መለማመዱን፣ አትተዉ። ኬኔዲ የሮክ ጊታሪስቱን የጂሚ ሄንድሪክስን ዜማ የሚጫወተው ባሕ በሚጫወትበት በዚያው እጅ ነው። ወላጆች፣ ልጁ ከራድዮ የሰማውን ዘፈን በቫዮሊን ሲፈልግ ካገኛችሁት «ወደ ልምምድህ ተመለስ» አትበሉት። ልምምድ ላይ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ፈተናው ላይ ተማሪው ራሱ የመረጠው አንድ ዜማ ይካተት ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። «እናየዋለን» አላችሁኝ። ዛሬ ወላጆች ባሉበት ደግሜ እጠይቃለሁ። መቼ ነው የምናየው?

አመሰግናለሁ።