ክሪስታሉ ታየ ማለት መድኃኒቱ ደረሰ ማለት ነው?

ከፒያሳ የደወሉ እናት፦ «ልጄ አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ትማራለች። ለካንሰር ይሆናል ያልነውን ነገር ሠርተን ክሪስታል እስኪሆን እየጠበቅን ነው ትለኛለች። ክሪስታሉ ምን ያደርግላታል?»

እናቴ፣ ማር በብርድ ሲረጋ ፍሬ ፍሬ ይሠራ የለ? እሷም የምትጠብቀው እንደዚያ ያለውን ነው። ዱቄቱን በፈሳሽ ታሟሟዋለች፣ ፈሳሹ ቀስ እያለ ሲተን ሞለኪውሎቹ ሰልፍ ይይዛሉ። ከተቻኮለ ዱቄት ብቻ ይተርፋታል፣ ስለዚህ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈጃል። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰች ጥሩ ፍሬ ካገኘች ኤክስሬይ ይለቀቅባታል። ጨረሩ ተበትኖ ነጠብጣቦች ይሰጣል፣ ከነሱም በሒሳብ እያንዳንዱ አተም የት እንደተቀመጠ ይወጣል።

ከሜክሲኮ የደወለ ወጣት፦ «አተሞቹ ከታወቁ አቀማመጣቸው ምን ለውጥ ያመጣል?»

ወንድሜ፣ ዋናው ነገር እኮ እሱ ነው! ሲስፕላቲንን እንይ፣ ዛሬም ለካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አንድ ፕላቲነም፣ ሁለት ክሎሪን፣ ሁለት አሞኒያ፣ በቃ። ሞለኪውሉ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ይታወቅ ነበር፣ አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትነት የጸደቀው ግን በ1978 ነው። ክሎሪኖቹ ጎን ለጎን ናቸው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ እነሱ ይለቃሉ፣ ፕላቲነሙም በባዶው ቦታ ዲኤንኤውን፣ ማለትም የሕዋሱን የዘር መረጃ የያዘውን ክር፣ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች ላይ ጨብጦ ያጎብጠዋል፣ ሕዋሱ መባዛት ያቅተውና ይሞታል። አሁን አንዱን ክሎሪን ወደ ማዶ አዙረው። ያው አተም፣ ያው ብዛት። ለሕክምና ግን አይረባም፣ ምክንያቱም በተቃራኒ አቅጣጫ የተዘረጉ እጆች ሁለቱን ጎረቤቶች እንደዚያ አድርገው መያዝ አይችሉም። ክሪስታሉን የምናሳድገው የትኛውን እንደሠራን በእርግጠኝነት ለማወቅ ነው።

ከጥቁር አንበሳ አካባቢ የደወለች እህት፦ «ወንድሜ ኬሞ ላይ ነው። ስልኬ ላይ አዲስ ፀረ ካንሰር ሞለኪውል ተገኘ የሚል አየሁ። የት ነው የሚሸጠው?»

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚሸጥ ነገር የለም። የክሪስታል ሥዕል የሞለኪውሉን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሆን አይናገርም። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የካንሰር ሕዋስ የገደለ ብዙ ሞለኪውል እንስሳት ላይ ሲሞከር ጉበት ወይም ኩላሊት እየጎዳ ቀርቷል። ያንን ቢያልፍ ደግሞ ሰው ላይ በየደረጃው ይሞከራል፣ ይሄ ዓመታት ይወስዳል። ማንም «አለኝ» ብሎ ቢመጣ ብር እንዳትሰጪ። ወንድምሽም ኬሞውን እንዳያቋርጥ፣ ያየሽውን ለሐኪሙ አሳዪው።